ከትንሹ አውሮፕላን ወደ ተርቦፕሮፕ፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ምድር ቱሉ ዲምቱ የሚል ስም የወጣላቸው ከፍታዎች ከአንድ በላይ ናቸው። በኦሮምኛ «ቱሉ» ጋራ፣ «ዲምቱ» ደግሞ ቀይ ማለት ስለሆነ፣ አፈሩ የቀላ ጋራ ባለበት ሁሉ ስሙ ቢደጋገም የሚያስደንቅ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ለዛሬው ጉዳይ ይጠቅማሉ። አንደኛው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣበት ሰፈር ነው። ሁለተኛው ከባሌ ተራሮች ሁሉ የሚልቀው፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከመጀመሪያው ግርጌ ተነሥቶ በሁለተኛው አናት ላይ በደኅና ለማለፍ የሚችል የግል አውሮፕላን መያዝ፣ ይዞም ራስ ማብረር፣ ምን ምን እንደሚጠይቅ መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ጉዳዩ ለጊዜው የቅንጦት ይመስላል። በገዛ ገንዘቡ አውሮፕላን ገዝቶ በገዛ እጁ የሚያበር ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት መሆኑም አይካድም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከባለጸጋው ምቾት አኳያ ብቻ ሳይሆን ከሥራው አኳያ ለማየት፣ አንድ ሰው በሐሳብ ይቀረጽና አቶ እገሌ ይባል። አቶ እገሌ ቱሉ ዲምቱ መጋዘን አለው፤ እርሻው ግን ጋምቤላ ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ ካወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ አራት ሰው የምትይዝ ባለ ፒስተን ሞተር ሴስና 172 ያበራል። አሁን ወደ ተርቦፕሮፕ መሸጋገር አምሮታል።

አቶ እገሌ ጉዳዩ አዳማ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክሩ አጭር በሆነ ነበር። በሩ ላይ የሚጀምረው አስፋልት ቦሌ ደርሶ፣ አውሮፕላኑን ፈትሾ፣ ፈቃድ ጠይቆ እስኪነሣ ድረስ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ያደርሰዋልና በመኪናው ይሂድ። ጋምቤላ ግን ሌላ ነገር ነው። በአየር ቀጥታ መሥመር ወደ 475 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ርቀት በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ መንገዱም ወደ ምዕራብ ደጋውን ወጥቶ ወርዶ፣ ተጠማዝዞ፣ በክረምት ደግሞ ከጭቃና ከናዳ ጋር ታግሎ የሚያልቅ ነው። አውሮፕላን ከቅንጦት ወደ መሣሪያነት የሚሸጋገረው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

የአቃቂ ሜዳ ለእንዲህ ዓይነቱ ምኞት እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1922 ዓደን ላይ አውሮፕላን አይተው፣ ተሳፍረውም ከተመለሱ በኋላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን በአንድሬ ማዬ አብራሪነት አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በዚያው በአቃቂ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935ም በረረች። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» የተባለችው ይህች አውሮፕላን በጣሊያኖች ተወስዳ አያሌ ዓመታት በኢጣልያ ሙዚየም ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የፀሐይ ሞተር 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አቶ እገሌ የሚመኘው ተርቦፕሮፕ የዚህን አሥር እጥፍ ጉልበት በአንድ ሰው እጅ ላይ የሚያኖር ነው።

በፀሐይና በፖቴዝ መካከል የሚወሳ ሌላ ታሪክ አለ፤ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል እንጂ ቀልድ አይደለም። ከሃርለም የመጣው ሂዩበርት ጁሊያን በጃንጥላ ዝላዩ የንጉሡን ሞገስ አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1930፣ ለንግሥ በዓሉ ልምምድ ሲደረግ፣ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ ተነሣና ከሰከሰው፤ አገሩንም ለቆ እንዲሄድ ተደረገ። ሰውየው ድፍረት አልጎደለውም። አውሮፕላኑም በዘመኑ ደኅና የሚባል ነበር። ሁለቱ ግን አልተገናኙም። በሰውና በአውሮፕላን መካከል የሚቀረው ይህ ክፍተት ዛሬም ወደ ትልቅ አውሮፕላን የሚሻገር ባለቤት የሚወድቅበት ቦታ ነው።

ለመሆኑ ተርቦፕሮፕ ለምን ያስፈልጋል? የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,324 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው የአየር ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የበጋ እኩለ ቀን ግን 25 ዲግሪ ይደርሳል። የሞቀ አየር ስስ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለው ቀን አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። የአየር መጫኛ የሌለው ፒስተን ሞተር በዚህ አየር ውስጥ ከጉልበቱ የሚቀረው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። 180 የፈረስ ጉልበት ብሎ የተሸጠው ሞተር 126ቱን ይሰጣል፤ ቀሪውን ደጋው ይወስደዋል። አራት ወንበር ያላት ሴስና አዲስ አበባ ላይ የሁለት ሰው አውሮፕላን የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተርቦፕሮፕ ይህን ችግር የሚፈታበት መንገድ ቀላል ነው። ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት እንዲኖረው ሆኖ ይሠራና ከታች ባለው ወፍራም አየር ላይ በገደብ ይያዛል። ፒላተስ ፒሲ-12 ለተባለው የስዊስ አውሮፕላን የሚገጠመው ሞተር ወደ 1,700 የፈረስ ጉልበት ማመንጨት ሲችል 1,200 እንዲሰጥ ብቻ ይፈቀድለታል። አየሩ ሲሳሳ ከተጠራቀመው ይመነዝራል፤ አብራሪው በቦሌም በባሕር ዳርም ያንኑ 1,200 ያገኛል። እዚህ ላይ ግን ሻጮች ሳይናገሩ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ቀጭኑን አየር የሚረሳው ሞተሩ ነው እንጂ ክንፉ አይደለም። በደጋ ላይ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት ይበልጥ መፍጠን፣ ስለዚህም ረዘም ያለ መንደርደሪያ መጠቀም ይኖርበታል፤ ሲያርፍም እንዲሁ። ሞተሩ አልደከመም ብሎ ክንፉም አልደከመም ብሎ የሚያስብ አብራሪ ስሌቱን ከግማሹ ጀምሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ነዳጅ ነው። ትንሹ ፒስተን ሞተር የሚጠጣው የአውሮፕላን ቤንዚን በአፍሪካ ብዙ ቦታ እንደ መድኃኒት የሚፈለግ ነገር ሆኗል። ተርባይን የሚጠቀመው ከነጭ ጋዝ የሚቀራረበውን የጄት ነዳጅ ሲሆን፣ ይህ የአየር መንገድ አውሮፕላን በሚቀዳበት ሁሉ ይገኛል።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ የሚስማማው ምክንያት ደግሞ የሰው እጅ ነው። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተርባይን ለማስጠገን ሞተሩን ወደ ውጭ ይልካሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ተርቦፕሮፕ የሚያውቅ ቴክኒሽያን ለብዙ ዓመታት ሲሠለጥን ቆይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቱዊን ኦተር ጀምሮ፣ በኤቲአር 42ና በፎከር 50 አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ በዳሽ 8 ኪው400 የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአሜሪካ በተገኘ ፈቃድ ያገጣጠመውና «እሸት» ብሎ የሰየመው የሰብል መድኃኒት መርጫ አውሮፕላንም ተርባይን ሞተር ነበረው። በግሉ ዘርፍ ደግሞ አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎትን የመሰሉ ድርጅቶች ሴስና ካራቫንን ለቻርተር ያሰማራሉ። ካራቫን በኢትዮጵያ የተወደደው በአጋጣሚ አይደለም፤ በ1988ቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 37 ከ20 መንገደኛ በላይ የሚይዝ አውሮፕላን ለመንግሥት ብቻ ተከልሎ ስለነበረ፣ የግል ባለሀብት ከዚያ በታች ባለው መደብ ውስጥ መሥራት ነበረበት። ገደቡ ኋላ ወደ 50 ወንበር ቢሰፋም፣ በመጀመሪያው ሕግ ጊዜ የተለመደው አውሮፕላን እንደተለመደ ቀርቷል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ አቶ እገሌን የሚያበረታታ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን እንዲያስብ የሚያደርገው ነው።

የእነዚህ አውሮፕላኖች ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ የወጣ ነው። የካናዳው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ፒቲ6 ብሎ የሚጠራው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተነ፤ ከዚያ ወዲህ በካራቫን፣ በኪንግ ኤር፣ በቱዊን ኦተር፣ በቲቢኤምና በፒሲ-12 ላይ ተገጥሟል። አየሩ ከኋላ ገብቶ ወደ ፊት ይፈስሳል፤ የተቃጠለው ጋዝ በአፍንጫው አጠገብ ይወጣል። ጋዝ አመንጪው ተርባይንና ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን በብረት አይገናኙም፤ የሚያገናኛቸው የጋዙ ንፋስ ብቻ ነው። ሞተሩ ጽኑ ነው፤ ስለ ጽናቱ የሚወራውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጽኑ ሞተር በአብራሪው እጅ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። በማስነሣት ጊዜ ተርባይኑ በቂ ዙር ሳያገኝ ነዳጅ ከተለቀቀበት፣ ወይም ባትሪው ደክሞ ሳለ አብራሪው ቢቸኩል፣ በውስጡ ያለው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፍና በመቶ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ጉዳት ያደርሳል። ስስ አየር ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ስለሚያሳንስበት፣ በቦሌ ማለዳ ሞተር ማስነሣት በባሕር ዳርቻ ከሚደረገው ይልቅ ዓይንን ከሙቀት መለኪያው ላይ አለመንቀልን ይጠይቃል። በሴስናዋ ላይ ቁልፍ አዙሮ ወሬውን የሚቀጥል ሰው መጀመሪያ መተው ያለበት ይህንን ልማድ ነው።

በበረራ ላይም ሁለት ጌቶች አሉ። በቆላ የሚገድበው ቶርክ ነው፤ በደጋ የሚገድበው ሙቀት ነው። ጋምቤላ ላይ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አብራሪ ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ዓይኑን ማሻገር አለበት፤ የኃይል መቆጣጠሪያውን እንደ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ገፍቶ መተው አይችልም፤ ጠባቂ መሣሪያ ያላቸው አዳዲስ ሞዴሎች ካልሆኑ በስተቀር ሞተሩ «በቃኝ» አይልምና።

ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይመጣል። ሴስና 172 በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ፒሲ-12 ወደ 500። ልዩነቱ በጉዞ ላይ ሳይሆን በመውረድ ላይ ይታወቃል። ከድሬዳዋ የሚመጣ ተርቦፕሮፕ 25,000 ጫማ ላይ ቢሆን፣ ቦሌ ደግሞ 7,625 ጫማ ላይ ስለሆነች፣ ከ17,000 ጫማ በላይ መውረድ አለበት። በተለመደው አወራረድ ይህ ወደ 97 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ አብራሪው መተሐራን አልፎ አዳማ ሳይደርስ መውረድ መጀመር ይገባዋል። ሴስናዋን የለመደ ሰው ግን መውረድን የሚያስበው ቢሾፍቱ ላይ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ሲያስብ አውሮፕላኑ በሐሳቡ ፊት ሄዷል፤ ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ሰማይ ለማቋረጥ የሚፈጅበት ሰባት ደቂቃ ያህል ነውና። በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ውስጥ የአየር ተቆጣጣሪውን መስማት፣ ዳመናውን መመልከት፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ለማረፍ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ከኋላውም ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ተሰልፈዋል።

የባሌው ቱሉ ዲምቱ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። 4,377 ሜትር ማለት 14,360 ጫማ ነው። በላዩ ላይ 2,000 ጫማ ትርፍ ትቶ ለማለፍ ከ16,000 ጫማ በላይ መውጣት ያስፈልጋል። የሴስናዋ አብራሪ ወደዚያ አይደርስም፤ ዞሮ ይሄዳል፤ ድካሟ ይጠብቀዋል። ካራቫን ይደርሳል፤ ካቢኑ ግን የአየር ግፊት ስለማይጠበቅለት አብራሪውና መንገደኞቹ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። የኦክስጅን እጥረት ደግሞ ሕመም ሆኖ አይመጣም። ደስታና በራስ መተማመን መስሎ ይመጣል፤ አደገኛነቱም ከዚሁ ነው። ፒሲ-12ና ቲቢኤም ካቢናቸው ግፊት የሚጠበቅለት ስለሆነ ከዚህ ይድናሉ።

ነገር ግን ከፍታው ሌላ እንግዳ ያመጣል። ብዙ ሰው በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የበረዶ ችግር አለ ሲባል ይስቃል። በዚህ ምድር ላይ የዜሮ ዲግሪ መሥመር ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር አካባቢ ይገኛል። ትንሿ ሴስና ከዚህ በታች ስለምትውል አብራሪዋ ዕድሜውን ሙሉ በክንፉ ላይ በረዶ ሳያይ ሊኖር ይችላል። ተርቦፕሮፑ ግን በሐምሌና በነሐሴ ዳመና ውስጥ በዚሁ መሥመር አልፎ ይወጣል፣ በዚሁ መሥመር አልፎ ይወርዳል። ካራቫን በበረዶ ዳመና ውስጥ ስላደረሰው አደጋ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ባለሥልጣኖች ልዩ መመሪያ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እንግዲህ አቶ እገሌ አዲስ አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን አዲስ ሰማይም ገዝቷል ማለት ነው።

ጥሩ ሞተርና ልምድ ያለው ሠራተኛም ቢሆን ጋራን አይገፋም። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩትን ሚኪ ሊላንድን የያዘ ቱዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ ስደተኞች መጠለያ ሲጓዝ በመጥፎ አየር ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጨ። ፍርስራሹ የተገኘው ከቀናት ፍለጋ በኋላ ነው፤ በውስጡ የነበሩት 16 ሰዎች፣ አሜሪካውያንም ኢትዮጵያውያንም፣ አልተረፉም። መንገዱ ያው የአቶ እገሌ መንገድ ነው። ወሩም ያው የክረምት ወር ነበር። ሁለት ተርባይን ነበረው። የዛሬ አውሮፕላኖች ያን ጊዜ ያልነበረ የመሬት ማስጠንቀቂያና የሳተላይት ካርታ ይዘዋል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም እርሻው ላይ ሰው ይጠብቀኛል፣ ቀጠሮዬ ያልፋል ብሎ በተዘጋ ሸለቆ ውስጥ የሚገባውን አብራሪ ካርታው ያሳየዋል እንጂ አያስቆመውም። ቅጥር አብራሪ አለቃው «እንሂድ» ሲለው «አይሆንም» ሊል ይችላል። ባለቤቱ ራሱ አብራሪ ሲሆን ግን አለቃውም «አይሆንም» ባዩም አንድ ሰው ነው። ከኋላ ወንበር ሚስቱና ልጆቹ ሲቀመጡ ደግሞ ክርክሩ በዝምታ ያልቃል።

ክቡራን አባላት፣ አሁን ወደ ሒሳቡ መግባት ያስፈልጋል፤ የነገሩ እምብርት ያለው ከዚህ ላይ ነውና።

አቶ እገሌ በወር ሁለት ጊዜ ጋምቤላ ደርሶ ይመለሳል እንበል። በሴስናዋ አንዱ ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ በዓመት ከ110 ሰዓት በላይ ይበርራል። በፒሲ-12 አንዱ ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበርረው 48 ሰዓት ይሆናል። አውሮፕላኑ በፈጠነ ቁጥር ባለቤቱ ልምድ የሚያገኝበት ሰዓት ያንሳል። በጣም ከባድ የሆነውን አውሮፕላን በጣም ጥቂት በሆነ ልምምድ ያበራል። «ማንሣቱና ማሳረፉ ቍጥሩ አልቀነሰም» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ 48 ጊዜ ተነሥቶ 48 ጊዜ ማረፉ አልተለወጠም። የቀነሰው ግን በመካከሉ ያለው፣ ዳመናን ለማጥናት፣ መለኪያን ለማንበብ፣ ስሕተትን አይቶ ለማረም የሚውለው ጊዜ ነው። በሴስናዋ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተዘርዝሮ የነበረው ሥራ አሁን በአንዲት ሰዓት ውስጥ ታጭቆ ይመጣል። ከዚያ ላይ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ይቋረጣል።

ወጪውም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ነዳጁ አያስፈራም፤ ፒሲ-12 በሰዓት 240 ሊትር ያህል ቢጠጣም ቶሎ ስለሚደርስ፣ በሰዓት 200 ሊትር የሚጠጣው ካራቫን ለዚሁ ጉዞ ከእርሱ ይበልጥ ያቃጥላል። የሚያስፈራው ሳይበርር የሚከፈለው ነው፦ የሀንጋር ኪራይ፣ መድን፣ በቀን መቁጠሪያ እንጂ በሰዓት የማይለካ ምርመራ፣ የካርታና የኮምፒዩተር ማደሻ፣ የሥልጠና ወጪ። የካራቫን ሞተር እስከ ሙሉ እድሳቱ 3,600 ሰዓት ይሠራል፤ በመካከሉም የትኩሱ ክፍል ምርመራ አለ። በዓመት 48 ሰዓት የሚበርር ሰው ወደዚያ ለመድረስ 75 ዓመት ያስፈልገዋል! ሞተሩን የሚያረጀው እንግዲህ ሥራ ሳይሆን ቁሞ መዋሉ፣ ዝገቱና እርጥበቱ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። አዲስ ፒሲ-12 ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩን በሕጋዊ መንገድ ማግኘቱ ቢቀልም፣ በብር የሚቆጠረው ክፍያ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አንድ መለዋወጫ ጉምሩክ ላይ ሦስት ሳምንት ቢቆይ፣ አውሮፕላኑ ሦስት ሳምንት ይቆማል፤ ባለቤቱም ሦስት ሳምንት ሳይበርር ይቆይና በተመለሰ ቀን ዳመና ውስጥ ይገባል። ገንዘቡና ደኅንነቱ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

ታዲያ ምን ይሻላል? በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ለዚህ አንድ መልስ ሰጥተዋል፤ ከፒስተን ወደ ተርቦፕሮፕ የሚሸጋገር ባለቤት በሲሙሌተር እንዲሠለጥን፣ ከዚያም የተወሰነ ሰዓት ከአሠልጣኝ ጋር እንዲበርር፣ በየዓመቱም እንዲደግም ያስገድዱታል። ባለቤቶቹ ያማርራሉ፤ መድኑ ግን ያለዚህ አይጻፍም። ግዴታው ባይኖርም እንኳ አቶ እገሌ በገዛ እጁ ይህንን በራሱ ላይ ቢጥል ይበጀዋል።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚስማማው ግን ሽርክና ይመስላል። ዕቁብ ለሚጥል ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። አራት ባለሀብቶች አንድ አውሮፕላን ቢይዙ፣ አንድ ደመወዝተኛ አብራሪ ቢቀጥሩ፣ በትርፍ ጊዜውም ፈቃድ ላለው የቻርተር ድርጅት ቢያከራዩት፣ አውሮፕላኑ በዓመት 48 ሳይሆን አራትና አምስት መቶ ሰዓት ይበርራል። ሞተሩ አይዝግም። መካኒኩ አውሮፕላኑን ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ የቀኝ ወንበር ይገኛል፤ አቶ እገሌ የሚጀምረው ከዚያ ወንበር ነው። የሽርክና ጭቅጭቅ ይመጣል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ በተለይ አራቱም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሊሄዱ ሲፈልጉ። ይህ በጽሑፍ ውል የሚፈታ ነው። ከተራራ ጋር የሚደረግ ክርክር ግን በውል አይፈታም።

ካራቫንን ንቆ በቀጥታ ወደ ፈጣኑ መዝለል የሚፈልግም አለ። ካራቫን አይፈጥንም፤ እግሩን አጥፎ አይሰበስብም፤ ውበቱም አይወራለትም። ነገር ግን የሞተሩ ሥርዓት ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፤ ማስነሣቱ፣ ሙቀቱ፣ ቶርኩ፣ ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ ገልብጦ ማቆሙ፣ የአቧራ መለያው በጠጠር መንደርደሪያ ላይ መቼ እንደሚከፈት፣ ሁሉም በእርሱ ላይ ይማሩታል። ተማሪው ተርባይንን ከፍጥነት ለይቶ ይማራል። ሁለቱን ባንድ ቀን የሚማር ሰው አንዱን ይረሳል።

የማደሪያው ነገርም ገና ያልተቆረጠ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በስተሰሜን ያለችው ቦሌ በመንገደኛ አውሮፕላኖች ተጨናንቃለች፤ በስተደቡብ ምሥራቅ ቢሾፍቱ ላይ ያለው የአየር ኃይሉ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ለሚሠራው አዲስ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የዲዛይን ውል ተፈራርሟል። የትልልቆቹ መንገድ ወደዚያ ሲዞር ለትንንሾቹ በቦሌ ምን ቦታ ይቀራል የሚለው ጥያቄ፣ ማኅበሩ ዕቅዱ ሳይዘጋ ለሚመለከተው ክፍል ሊያቀርበው የሚገባ ነው። ለአነስተኛ አውሮፕላኖች የሚሆን ሀንጋር፣ የጋራ ጥገና ጣቢያና ሲሙሌተር በአንድ ቦታ ቢታሰቡ፣ ከላይ የተዘረዘረው ሽርክናም መሬት ያገኛል።

እስከዚያው ድረስ ለአቶ እገሌ የመጀመሪያው ዓመት ዕቅድ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከመስከረም እስከ ግንቦት በካራቫን በቀኝ ወንበር ይበርራል፤ ጋምቤላ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ጎዴ፣ ቆላውንም ደጋውንም ያያል። በግንቦት ሲሙሌተር ይሄዳል፤ እዚያ ሞተር ይጠፋበታል፣ በረዶ ይይዘዋል፣ ካቢኑ ግፊት ያጣበታል፣ ማንም ሳይጎዳ። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ክረምቱን ሙሉ፣ በግራ ወንበር ቢቀመጥም አሠልጣኙ ከጎኑ አይነሣም። በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ፣ የባሌው ቱሉ ዲምቱ ከሩቅ መታየት ሲጀምር፣ ብቻውን ይነሣል፤ መንገደኛ ሳይዝ፣ ቀጠሮም ሳይኖርበት።